አባዬ ሜትፎርሚኑን ትቶ ከአሜሪካ የመጣለትን የእርጅና ክኒን ጀመረ፣ ስለነዚህ ኢንዛይሞች የምታውቁ እርዱኝ

የሐይቅ ዳር ልጅ | ሐምሌ 8፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁም። ከሐዋሳ ነኝ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አባዬ 66 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ አሁን ጡረታ ላይ ነው። ስኳር ከተገኘበት ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ፣ ለግፊት ደግሞ ኢናላፕሪል ይወስዳል። በየጠዋቱ ጣቱን ወግቶ ይለካና ቁጥሩን ደብተር ላይ ያሰፍራል። ደብተሩን ብታዩት ድሮ ነዳጅ ይመዘግብበት እንደነበረው ነው፤ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ ፊርማ። ማንም ፈርም ሳይለው በየቀኑ ይፈርማል።

ባለፈው ወር አክስቴ ከአሜሪካ መጥታ አንድ ዕቃ ሰጠችው። ነጭ ነው፣ ክዳኑ ወርቃማ፣ ላዩ ላይ ኤንኤምኤን የሚል አለበት። ሴል ያድሳል፣ የእርጅናን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፣ ስኳርንም ከሥሩ ይነቅላል ብላ ነው የሰጠችው። ከልቧ ነው፣ እሷም ትወስደዋለች።

ትናንት ደብተሩን ሳገላብጥ ክው አልኩ። እስከ ሰኔ መጨረሻ 138፣ 142፣ 131 ነው የሚለው። ከዚያ 174፣ 198፣ 221፣ ዛሬ ጠዋት 246። ስጠይቀው ሜትፎርሚኑን ካቆመ 11 ቀን ሆኖታል። "ሜትፎርሚኑ እግሬን እያቃጠለኝ ነው፣ ይሄኛው ደግሞ የሚሠራው ከሥሩ ነው" አለኝ።

ልቆጣው አልፈለግኩም። አባዬ በቁጥርና በምክንያት የሚያምን ሰው ነው፣ ዝም ብዬ "ተው" ብለው አይሰማኝም። ስለዚህ መጀመሪያ እኔ በደንብ ይግባኝና ከዚያ ላስረዳው። ይሄ የእርጅና ኢንዛይም የሚባለው ነገር እውነት አለ? ካለስ መድኃኒት ተገኝቶለታል?

ፋርማሲስቷ | ሐምሌ 8፣ ማታ 3፡42

ወንድሜ፣ ሳይንሱን ሌሎች ያስረዱሃል፣ እኔ አስቸኳዩን ላስቀድም። በባዶ ሆድ 246 ቀላል ቁጥር አይደለም። ነገ ጠዋት ወደሚከታተለው ሐኪም ውሰደው። ደብተሩን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ያንን ነጭ ዕቃም ጭምር ይዛችሁ ሂዱ። ሽንት ቶሎ ቶሎ ካለው፣ ውሃ ጥም ከበዛበት፣ ካስመለሰው ወይም ንግግሩ ግራ ከተጋባብህ ግን ነገን አትጠብቅ። ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሁለተኛ፣ "እግሬን ያቃጥለኛል" ያለውን እንዳታልፈው። ስኳር ራሱ ነርቭ ይጎዳል፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ከእግር ነው። ሜትፎርሚንም ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ከአንጀት በደንብ እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል፣ ቢ12 ሲያንስ ደግሞ እግር ይደነዝዛል፣ ያቃጥላል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከአሣ ነው። አባትህ ጿሚ ከሆኑ ከምግብም ብዙ አያገኙም ማለት ነው። ይሄ ሁሉ መላ አለው። መላው ግን ቢ12ን አስለክቶ ማሟላት እንጂ ሜትፎርሚኑን በራስ ፈቃድ መተው አይደለም። አባትህ እኮ ሕመማቸውን በደንብ አዳምጠዋል፣ የቀረው ለሐኪማቸው መንገር ብቻ ነው።

የሐይቅ ዳር ልጅ | ሐምሌ 8፣ ማታ 3፡50

ጿሚ ነው እህቴ። ረቡዕና ዓርብ ሳይቀር ሁሉንም ይጾማል። ይሄን የቢ12 ነገር በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማንም ነግሮን አያውቅም። የምትያቸው ሌሎች ምልክቶች የሉትም፣ አሁን ጠየቅኩት። ነገ እንሄዳለን።

ባዮኬም | ሐምሌ 8፣ ማታ 4፡35

እኔ ባዮኬሚስትሪ ነው የማጠናው፣ እዚሁ ሐዋሳ። ፋርማሲስቷ ያለችውን አስቀድምና ከዚያ ይሄን አንብብ። አባትህ ምክንያት የሚፈልግ ሰው ከሆነ ምክንያቱን እንስጠው፣ ጥያቄው የሚያኮራ ጥያቄ ነው።

ኢንዛይም ማለት በሴል ውስጥ አንድን ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ቤታችን የምናውቀው ምሳሌ ብቅል ነው። ገብሱ ሲበቅል ውስጡ ስታርች የሚቆርጥ ኢንዛይም ይፈጠራል። ጠላ ውስጥ ብቅል የሚገባው ለዚህ ነው፤ ኢንዛይሙ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይቆርጣል፣ ከዚያ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይቀይረዋል። ሰውነታችንም ውስጥ እንደዚህ ያሉ ሠራተኞች በሺዎች የሚቆጠሩ አሉ።

ብዙ መድኃኒት የሚሠራው እነዚህን በመንካት ነው፣ አባትህም በየቀኑ እየወሰደው ነው። ኢናላፕሪልን ተመልከት። ደም ሥር የሚያጠብ አንጂዮቴንሲን የሚባል ነገር አለ፣ እሱን የሚያዘጋጀውን ኢንዛይም ነው ኢናላፕሪል የሚያግደው። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው ክኒን ካፕቶፕሪል ይባላል፣ ሐሳቡ የመነጨው ከአንድ የብራዚል እፉኝት መርዝ ነው፣ በፈረንጆቹ 1981 ላይ ተፈቀደ (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው)። ለኮሌስትሮል የሚሰጠው አቶርቫስታቲንም ጉበት ውስጥ ኮሌስትሮል የሚሠራውን ኢንዛይም ያግዳል። አስፒሪንም እንደዚያው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በል። ሁሉም የሚያግዱ ናቸው። ባጃጅ ማቆም ከፈለግክ ጎማው ሥር ድንጋይ ትወትፋለህ፣ አለቀ። ከፋብሪካ ከወጣበት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ ማድረግ ግን ሌላ ሥራ ነው። ኢንዛይምም እንደዚያ ነው። ማገድ ይቀላል፣ ማነቃቃት በጣም ይከብዳል። የአክስትህ ዕቃ ደግሞ የማነቃቃት ተስፋ ነው። የዚህ መስክ ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ስለሆነ ታሪኩን ልንገርህ።

ሰርቱይን የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ። 1999 ላይ በአሜሪካ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የሊዮናርድ ጓረንቴ ላብራቶሪ እርሾ ላይ ሠርቶ፣ ከእነዚህ አንዱን የሚሠራው ሰር2 የሚባለው ጂን ተጨማሪ ቅጂ ሲሰጠው የእርሾው ዕድሜ እንደሚረዝም አሳየ። በዓመቱ ደግሞ ይሄ ኢንዛይም ኤንኤዲ የሚባል ሞለኪውል ካላገኘ እንደማይሠራ ታወቀ። ኤንኤዲ ምግብ ወደ ጉልበት ሲቀየር የሚያገለግል ነው። ሰው ሁሉ ጓጓ፣ ለምን አይጓጓ? የምንበላው ነገርና የምናረጅበት ፍጥነት አንድ ኢንዛይም ላይ ሲገናኙ ማየት ነው። እኛ ውስጥ የዚህ ዘመዶች ሰባት ናቸው፣ ከሰርት1 እስከ ሰርት7።

2003 ላይ ወይን ውስጥ የሚገኘው ሬስቬራትሮል ሰርት1ን ያነቃቃል ተባለ። ኩባንያ ተቋቋመ። 2008 ላይ ግላክሶስሚዝክላይን የሚባለው ትልቅ የመድኃኒት አምራች ያንን ኩባንያ በ720 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ ነገሩ መበላሸት ጀመረ። ሙከራው ላይ ኢንዛይሙ መሥራቱን ለማየት የሚያበራ ቀለም ይለጠፍ ነበር፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ቀለሙን አንስተው ሲሞክሩ ማነቃቃቱ ጠፋባቸው። 2010 ላይ ፋይዘር ውስጥ ያሉ ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር አሳተሙ። በዚያው ዓመት የደም ካንሰር ባለባቸው ሰዎች ላይ ይሞከር የነበረው የሬስቬራትሮል መድኃኒት የአንዳንዶቹ ኩላሊት በመጎዳቱ ቆመ። 2013 ላይ የኩባንያው ቢሮ ተዘጋ። በዚያው 2013 ግን የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች ቀለም በሌለበትም በአንዳንድ ፕሮቲኖች ላይ ማነቃቃቱ እንደሚታይ አሳይተው ተከራክረዋል። ክርክሩ ስላልተዘጋ ሐሰት ነው ብዬ አልነግርህም። 720 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት እስከዛሬ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ የእርጅና መድኃኒት ግን አልወጣለትም።

አሁን ወደ ነጩ ዕቃ። ኤንኤምኤን ለኤንኤዲ ጥሬ ዕቃ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ኤንኤዲ በብዙ የሰውነት ክፍሎች ይቀንሳል፣ ሐሳቡም የቀነሰውን ሞልተን ሰርቱይኖቹን እናበርታ ነው። 2021 ላይ ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ስኳር ሊይዛቸው የተቃረበ፣ የወር አበባ ያቆሙ 25 ሴቶች ነበሩ፣ ገሚሶቹ በቀን 250 ሚሊግራም ለ10 ሳምንት ወሰዱ። ጡንቻቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ተሻሻለ። ጥሩ ዜና ነው። የደማቸው ስኳር ግን አልቀነሰም፣ ክብደታቸውም ግፊታቸውም ያው ነበር። ለአባትህ ይቺን ብቻ ንገረው፦ ራሱ ክኒኑ የተሞከረባቸው ሰዎች ደብተር ላይ ቁጥሩ አልወረደም።

ላብ አደር | ሐምሌ 9፣ ጠዋት 1፡20

በጣም ደስ የሚል ማብራሪያ ነው ባዮኬም። እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። 34 ዓመቴ ነው፣ ጤነኛ ነኝ፣ በሳምንት አራት ቀን ጂም እሠራለሁ፣ እሑድ እሑድ ታቦር ተራራን እወጣለሁ። ሜትፎርሚን ዕድሜ ያረዝማል ሲባል ሰምቼ መጀመር አስቤ ነበር፣ ርካሽም ነው። ራፓማይሲን የሚባልም አለ። አባቴ በ51 ዓመቱ ነው በስትሮክ የሞተው፣ ለዚህ ነው የምጠይቀው። እንደዚያ እንዲሆንብኝ አልፈልግም።

ባዮኬም | ሐምሌ 9፣ ጠዋት 2፡05

ነፍስ ይማር ወንድሜ። ስጋትህ ይገባኛል።

ሜትፎርሚን ከሁሉም የሚገርመው ነው። መነሻው ጋሌጋ የምትባል ሐምራዊ አበባ ያላት ተክል ናት፣ አውሮፓ ውስጥ ከድሮ ጀምሮ ለመድኃኒትነት ትታወቅ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን 1957 ላይ ለስኳር ሕመምተኞች መስጠቱን አሳተመ። አሜሪካ የፈቀደችው 1994 ላይ ነው። ሴል ውስጥ ገብቶ የጉልበት ማመንጫውን ትንሽ ቀዝቀዝ ያደርገዋል። ያኔ ሴሉ ነዳጅ ያለቀበት ይመስለውና ኤኤምፒኬ የሚባለው ኢንዛይም ይነሳል። ኤኤምፒኬ እንደ ነዳጅ ጌጅ ነው፤ ታንከሩ ሲጎድል ማከማቸት አቁም፣ ያለህን አቃጥል ብሎ ያዛል። ጉበትም ስኳር መርጨቱን ይቀንሳል። ኤኤምፒኬ የሌላቸው አይጦች ጉበት ላይም ሜትፎርሚን ስኳር እንደሚቀንስ 2010 ላይ ታይቷል፣ ስለዚህ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። 60 ዓመት ያለፈው መድኃኒት አሠራሩ እስከዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተቋጨም።

ዕድሜ ማርዘሙ ላይ ስንመጣ፣ 2014 ላይ እንግሊዝ ውስጥ የወጣ ጥናት ሜትፎርሚን የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞች ስኳር ከሌለባቸው እኩዮቻቸው በትንሹ የተሻለ ይኖራሉ አለ። ወሬው ዓለምን የዞረው ያኔ ነው። 2022 ላይ ዴንማርክ ውስጥ እንደገና ሲታይ ግን ያ ብልጫ አልተገኘም። ነገሩን የሚለየው ጤነኛ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ሲታይ ነው። ኒር ባርዚላይ የሚባል የኒውዮርክ ሐኪም ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 79 የሆነ፣ ስኳር የሌለባቸው 3,000 ያህል ሰዎች ላይ ሊሞክረው ዓመታት ደክሟል። ያስቸገረው ገንዘብ ነው። ሜትፎርሚን የባለቤትነት መብቱ ያለፈበት ርካሽ መድኃኒት ነው፣ ማንም ኩባንያ አያተርፍበትም። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ለመላው ዓለም፣ ለኛ ለድሆቹ አገሮች ደግሞ በተለይ የሚጠቅመው ጥያቄ ባለቤት አጥቶ ይቆማል።

አንተ ግን ስፖርተኛ ነህ። 2019 ላይ የወጡ ሁለት ጥናቶች ነበሩ። አንደኛው ሜትፎርሚን እየወሰዱ ልምምድ የሠሩ ሰዎች ከልምምዱ የሚያገኙት ጥቅም እንደቀነሰ፣ ሁለተኛው ብረት የሚያነሱ አረጋውያን ጡንቻቸው ሜትፎርሚን ሳይወስዱ ከሠሩት ያነሰ እንዳደገ አሳይቷል። ታቦርን ስትወጣ ጡንቻህ ውስጥ ኤኤምፒኬ በራሱ ይነሳል። በዚያ ላይ ክኒን ጨምረህ ልፋትህን አትቀንስ።

ራፓማይሲን ታሪኩ ያምራል። 1964 ላይ ጉዞ የጀመሩ የካናዳ ሐኪሞች ፓሲፊክ ውቅያኖስ መሀል ካለች ራፓ ኑይ ከምትባል ደሴት አፈር ይዘው ተመለሱ። አፈሩ ውስጥ ካለ ባክቴሪያ ሱረን ሴህጋልና ባልደረቦቹ መድኃኒቱን ለዩ፣ በደሴቲቱም ስም ጠሩት። ኩባንያው ላብራቶሪውን ሲዘጋ ሴህጋል ባክቴሪያውን ቤቱ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጠው፣ በኋላ ሥራው የቀጠለው በዚያ ነው። 1999 ላይ የተተከለ ኩላሊት በሰውነት እንዳይጠቃ ተብሎ ተፈቀደ። የሚያግደው ኤምቶር የሚባል ኢንዛይም ነው፣ ምግብ ሲገባ እደግ፣ ገንባ የሚል። 2009 ላይ አሜሪካ ውስጥ ሦስት ቦታ በአንድ ጊዜ ሲሞከር 20 ወር የሞላቸው፣ በሰው ቢሆን ወደ 60 ዓመት የሚጠጉ አይጦች ዕድሜ ረዘመ፤ በሴቶቹ 14፣ በወንዶቹ 9 በመቶ። ካረጁ በኋላ ተጀምሮ መሥራቱ ነው ሁሉን ያስደነቀው። ሰው ላይ ግን የሰውነትን መከላከያ ይጫናል፣ አፍ ያቆስላል፣ የደም ስኳርና ስብም ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ እንደ ሐይቅ ዳር ልጅ አባት ላለ ሰው ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም።

ፋርማሲስቷ | ሐምሌ 9፣ ጠዋት 2፡31

ላብ አደር፣ አባትህ በ51 ዓመታቸው በስትሮክ ከሞቱ ላንተ የሚያስፈልግህ የግፊት መለኪያ ነው። መቼ ነው የተለካኸው? ስኳርና ኮሌስትሮልህንም ታይ። ግፊት ከተገኘብህ እኮ ኢንዛይም የሚያግድ፣ ስትሮክ እንደሚቀንስ በሰው ላይ በደንብ የተረጋገጠለት መድኃኒት አለ። የምትሸሸው ነገር መድኃኒቱ ቀድሞ ተገኝቷል። እባክህ ዛሬ ሂድና ተለካ።

ላብ አደር | ሐምሌ 9፣ ጠዋት 2፡40

እውነቱን ልናገር፣ ተለክቼ አላውቅም። ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ።

ጡረተኛው መምህር | ሐምሌ 9፣ ቀን 7፡15

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። 31 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ፣ በኔ ጊዜ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው መጽሐፍ ላይ አልነበረም። አንድ ነገር ልጠይቅ። ሴሉ ሲርበው ማከማቸት አቁሞ ያለውን ያቃጥላል ካላችሁ ጾማችን ይሄንን ሥራ ይሠራል ማለት ነው? እኔም ስኳር አለብኝ። የምወስደው ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ነው። ባለፈው ዓቢይ ጾም ቅዳሴ ቆሜ ላብ አጠመቀኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ዓይኔ ጭልም አለ። አጠገቤ የነበረች ልጅ ደግፋ አስቀመጠችኝ። ከረሜላ አፌ ውስጥ ስታደርግልኝ ትንሽ ቆይቶ ነፍሴ ተመለሰች። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፣ ግራ ገብቶኛል።

ባዮኬም | ሐምሌ 9፣ ቀን 8፡02

መምህር፣ ጥያቄዎ ልክ ነው። ምግብ ለሰዓታት ሲቀር ኤኤምፒኬ ይነሳል፣ ኤምቶር ይወርዳል፣ ሴሉም ያረጀ ዕቃውን ቆርጦ መልሶ መጠቀም ይጀምራል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ 2016 ላይ ኖቤል የተሸለመው ይሄንን እርሾ ላይ ፈትቶ ነው። ጾም የሚጾመው ለነፍስ ነው፣ በሴል ሚዛን ልመዝነው አልፈልግም። ሥጋው ግን በሰዓታት መታቀብ ውስጥ ይሄን እንደሚያደርግ ይታወቃል። ይሄ የሚጠቅመው ግን የደም ስኳሩ በራሱ የሚስተካከል ሰው ላይ ነው። እርስዎ የሚወስዱት ሁለተኛው መድኃኒት ስሌቱን ይለውጠዋል።

ፋርማሲስቷ | ሐምሌ 9፣ ቀን 8፡20

መምህር፣ ቅዳሴ ላይ ያገኘዎት የስኳር መውረድ ይመስላል። ሜትፎርሚን ለብቻው ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። ግሊቤንክላማይድ ግን ጣፊያ ጎን ያለውን ቆሽት ኢንሱሊን አፍስስ ብሎ ይገፋዋል፣ ቢበሉም ባይበሉም። ሆድዎ ባዶ ሆኖ ኢንሱሊኑ ሲመጣ ያ ነው የሚሆነው። ይሄ ሊገድል ይችላል መምህር፣ አያቅልሉት። ከነሐሴ 1 በፊት ሐኪምዎ ጋ ቀርበው መጾም እንደሚፈልጉ ይንገሩ፣ መጠኑንና ሰዓቱን ያስተካክሉልዎታል ወይም መድኃኒቱን ይቀይሩታል። የንስሐ አባትዎንም ያማክሩ፣ ለታመመ ሰው የሚሉት ነገር አላቸው። እስከዚያ ኪስዎ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ፣ ስኳር እንዳለብዎ የሚገልጽ ወረቀትም ይያዙ።

ጡረተኛው መምህር | ሐምሌ 9፣ ቀን 8፡44

አመሰግናለሁ ልጄ። ሁለቱንም አነጋግራለሁ።

ከሜሪላንድ | ሐምሌ 9፣ ማታ 4፡50

አክስቱን አይደለሁም፣ ግን እሷ ልሆን እችል ነበር። እኔም ለእናቴ እንደዚህ ያለ ዕቃ ልኬያለሁ። እዚህ ማታ ማታ ነው የምሠራው፣ እናቴ እያረጀች እኔ አጠገቧ አይደለሁም። ሱቅ ስገባ "ዕድሜ" የሚል የተጻፈበት ነገር ሳይ እጄ ዝም ብሎ ይዘረጋል። ስልሳ ዶላር፣ ሰማንያ ዶላር ነው። ይሄን ሳነብ አለቀስኩ። ባዮኬም፣ ቆይ ጉዳት አለው ወይስ ዝም ብሎ ገንዘብ ማባከን ነው?

ባዮኬም | ሐምሌ 10፣ ጠዋት 1፡30

እህቴ፣ ራስሽን አትውቀሺ። በአጭር ጊዜ ጥናቶች ውስጥ ከባድ ጉዳት ጎልቶ አልታየም። ለብዙ ዓመት ሲወሰድ የሚሆነው ግን አልተጠናም። ጥንቃቄ የሚያሻበት ምክንያት ይሄ ነው። ኤንኤዲ የሚፈልገው ጤነኛው ሴል ብቻ አይደለም፣ ካንሰርም በጣም ይፈልገዋል። ኤንኤዲ የሚሠራ ናምፒቲ የሚባል ኢንዛይም አለ፣ የእርጅና ተመራማሪዎች እናበርታው ሲሉ የካንሰር ተመራማሪዎች ደግሞ እንገደው ብለው መድኃኒት ሲሞክሩ ኖረዋል። ኢንዛይሙ አንድ ነው። የቴሎሜሬዝ ነገርም ይሄው ነው፣ የሴልን ዕድሜ ያረዝማል የሚባለውን ኢንዛይም አብዛኛው ካንሰር ራሱ አስነስቶ ይጠቀምበታል። ኢንዛይም በራሱ ደግም ክፉም የለውም። የት፣ መቼ፣ በማን ሰውነት ውስጥ የሚለው ነው ቁም ነገሩ። የዚህ መስክ መድኃኒቶች የዘገዩትም በዚህ ነው፣ ተመራማሪው ስላልተጋ አይደለም።

ፋርማሲስቷ | ሐምሌ 10፣ ጠዋት 1፡48

እና እህቴ፣ ለእናትሽ መላክ ከፈለግሽ የሚጠቅም ነገር ልንገርሽ። ስኳር ካለባቸው የመለኪያ ወረቀት ላኪላቸው። ማሽኑ እዚህ ይገኛል፣ ወረቀቱ ነው አንዴ ተገኝቶ አንዴ የሚጠፋው፣ ሲገኝም ውድ ነው። ሰው ወረቀት ለመቆጠብ ሲል በሳምንት አንዴ ይለካል። ግን ከማሽኑ ሞዴል ጋር መግጠም አለበት፣ አለበለዚያ ዋጋ የለውም። ሞዴሉን ከማሽኑ ጀርባ አስነብቢያቸው፣ የሚያበቃበትን ቀን ደግሞ አንቺ እይ።

ከሜሪላንድ | ሐምሌ 10፣ ጠዋት 2፡15

ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ዛሬውኑ እደውላለሁ።

ላብ አደር | ሐምሌ 10፣ ማታ 1፡05

ተለካሁ። 152 በ96። ሁለቴ ለኩኝ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስ ተብያለሁ። 34 ዓመቴ ነው እኮ!

ፋርማሲስቷ | ሐምሌ 10፣ ማታ 1፡12

እንኳን ሄድክ። አንድ ቀን ብቻውን አይፈርድም፣ ግን በቀጠሮህ ቀን እንዳትቀር። ጨው ቀንስ፣ ከመለካትህ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ቡና አትጠጣ፣ ለአምስት ደቂቃም ቁጭ ብለህ እረፍ። ታቦርን እስኪታይልህ ድረስ ቀስ ብለህ ውጣው።

የሐይቅ ዳር ልጅ | ሐምሌ 14፣ ማታ 2፡40

ስለዘገየሁ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሐኪሙ ደብተሩን ሲያይ ዝም ብሎ ገጹን ገለጠ፣ ገለጠ፣ ከዚያ "ሁሉም ሰው እንዲህ ቢመዘግብልኝ" አለው። አባዬ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ኩላሊቱ ታየ፣ ደህና ነው። ሜትፎርሚኑን ከምግብ ጋር እንዲመልስ ታዘዘ። እግሩን በቀጭን ክር እየነኩ መረመሩት፣ የግራ አውራ ጣቱ ላይ ሲነኩት አላወቀም። ያኔ ነው እኔ የደነገጥኩት። ቢ12 ደሙ ተወስዷል፣ ናሙናው አዲስ አበባ ስለሚላክ ውጤቱ ሳምንት ይፈጃል ተብሏል። ባዶ እግሩን እንዳይሄድ፣ ማታ ማታ እግሩን በመስታወት እንዲያይም ተነግሮታል።

ከዚያ ወጥተን ሐይቁ ዳር አሣ ሾርባ ጠጣን፣ ቀኑ ማክሰኞ ነበር፣ የሰኔ ጾምም አልፏል፣ ይበላል። እዚያ ነው ባዮኬም የጻፈውን ያነበብኩለት። የ25ቱን ሴቶች ነገር ሁለቴ አስነበበኝ። "ስኳራቸው አልወረደም ነው የሚለው?" አለ። አዎ አልኩት። ዝም አለ። የሾርባውን ዓሣ አጥንት ለቅሞ ዳር አደረገና "ጡንቻቸው ግን ተሽሏል" አለኝ። እሱም እውነት ነው አልኩት። "እንግዲያው ሙሉ ጥናት ሲመጣ ታነብልኛለህ" አለ።

ነጩን ዕቃ አልጣለውም፣ ሐኪሙም ለጊዜው ተወው ስላለው ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጦታል። ትናንት ማታ አክስቴ ደወለች። እንዳይከፋት ፈርቼ ነበር። አባዬ ስልኩን ተቀበለኝና መነጽሩን አድርጎ ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ቁጥር አንድ በአንድ አነበበላት፣ እሷ ደግማ አነበበች፣ እሱ አረማት። የዛሬ ጠዋቱ ልኬት 181 ነው።

ፋርማሲስቷ፣ አንድ ጥያቄ፦ ሜትፎርሚኑን ሲመልስ ሆዱን እየነፋው ነው፣ ይሄ ያልፋል?

ፋርማሲስቷ | ሐምሌ 14፣ ማታ 2፡58

ብዙ ጊዜ በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ምግቡ መሀል ላይ ይውሰዱት፣ በባዶ ሆድ በጭራሽ። ካልተሻላቸው ቀስ ብሎ የሚሟሟው ዓይነት አለ፣ ሐኪሙን ጠይቁ። የቢ12 ውጤቱ ሲመጣ እዚሁ ጻፍልን።